አያ ድልቡ አልሞተም

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እግራችሁን ሰብሰብ፣ ጆሯችሁን ቀና አድርጉ። የዛሬዋ ተረቴ ባሕር ተሻግራ የመጣች እንግዳ ናትና ደህና አድርጋችሁ ተቀበሏት።

በድሮ ዘመን፣ ማዳጋስካር በምትባል ትልቅ ደሴት፣ ሽርጉዴ የምትባል ሌሙር ነበረች። ሌሙር ማለት የጦጣ የሩቅ ዘመድ፣ ዛፍ ላይ የሚኖር እንስሳ ነው። ሽርጉዴ ግን ከሌሙር ሁሉ ትንሿ ነበረች። መዳፋችሁ ላይ ብትቀመጥ ቦታ ይተርፋታል። ዓይኗ ትልቅ፣ ጆሮዋ ስስ፣ ጭራዋ ረዥም።

ደግሞ አንድ ቦታ መቆም አታውቅም። የዛፍ ሙጫ ልሳ ሳትጨርስ ፌንጣ ታያለች። ፌንጣውን ይዛ ሳትበላ ፍሬ ይሸታታል። ፍሬው ጋ ሳትደርስ ኮሽታ ትሰማለች፣ ከዚያ ወዲያ ሩጫ ነው! እናቷን ጉጉት ከነጠቃት ወዲህ፣ ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ልቧ እንደ ከበሮ ይደልቃል።

ጎረቤቷ አያ ድልቡ ይባላል። እሱም ትንሽ ነው፤ ከእሷ ግን ይገዝፋል። ሆዳም ነው፤ ግን ደግ ሆዳም። ዝናብ በሚዘንብባቸው ወራት አበባ ይበላል፣ ፍሬ ይበላል፣ ትል ይበላል። የበላው ሁሉ ወርዶ ጭራው ላይ ይጠራቀማል። ጭራው ወፍሮ ወፍሮ የበግ ላት ይመስላል።

ዝናቡ ሲያቆም፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አያ ድልቡ ሽርጉዴን ጠራት።

«ሽርጉዴ፣ እኔ እንግዲህ ልተኛ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«ዝናብ እስኪመለስ።»

«ወራት ሙሉ! ምን እየበላህ?»

«ጭራዬ ያበላኛል።»

«አንተን የሚበላ ቢመጣስ?»

አያ ድልቡ አፉን ከፍቶ አዛጋ። «አንቺ አለሽልኝ አይደል?»

«እኔ? እኔ እኮ አንድ ቦታ መቆም አልችልም፣ አያ ድልቡ! ሌላ ሰው ፈልግ! ስማኝ እንጂ!»

ማን ይስማት። የዛፍ ጎሬው ውስጥ ገብቶ፣ ጭራውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል።

ሽርጉዴ ሄደች፣ ተመለሰች። ነካችው፣ ይሞቃል። ሄደች፣ ተመለሰች። ነካችው፣ ለብ ብሏል። ሄደች፣ ደግማ ተመለሰች። ነካችው፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

«አያ ድልቡ!» አለች። ዝም።

«አያ ድልቡ!» አለች። ዝም።

«አያ ድልቡ! ኧረ በናትህ!» አለች። ዝም።

እዚያው ጎሬው አፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ከታች ኮቴ ሰማች።

የመጣችው እመት ፎሳ ነበረች። ፎሳ ድመት የምትመስል፣ ከድመት ግን የምትገዝፍ፣ ዛፍ ላይ እንደ መሬት የምትሮጥ አዳኝ ናት። ያን ዘመን የጫካው ንጉሥ መካሪ ነበረች። ንጉሡ እንደ ቋጥኝ የገዘፈ፣ ሽማግሌ ሌሙር ነበር። በበጋ እንስሳቱ በመኖሪያ ጎሬ እየተጣሉ አስቸገሩት። እመት ፎሳ ታዲያ እንዲህ ብላ መከረችው፦ «እያንዳንዱ እንስሳ ቤቱን፣ ማለትም ወገኑን ይወቅ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጎሬ ይያዝ። ዘመድ የሌለው ከሞተ ግን እኔ እቀብረዋለሁ፤ ጎሬውም የእኔ ይሁን።» ንጉሡ ምክሩ መልካም መሰለውና አዋጁን አስነገረ።

የት እንደምትቀብር ታውቃላችሁ፣ ልጆች? ሆዷ ውስጥ ነዋ!

እመት ፎሳ ወደ ጎሬው ወጥታ አፍንጫዋን ሰደደች። ሽርጉዴ ዘልላ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣች።

«ይሄ ሞቷል» አለች ፎሳ።

«ተኝቶ ነው!»

«የተኛ እንዲህ ይቀዘቅዛል? ለመሆኑ አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ጎረቤቱ ነኝ።»

«የጠየቅኩሽ ዘመዱ መሆንሽን ነው። ቤትሽ የማን ነው?»

ሽርጉዴ ስትሮጥ ስለኖረች የማን ወገን እንደሆነች ቆማ ጠይቃ አታውቅም።

«ነገ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ንጉሡ እዚህ ይመጣል» አለች ፎሳ ከንፈሯን እየላሰች። «ዘመድ ካልቀረበለት እቀብረዋለሁ።»

ሽርጉዴ ጊዜ አላጠፋችም። መጀመሪያ ወደ አይጦች ቤት በረረች።

«እኔም ትንሽ ነኝ፣ እኔም ባለ ጭራ ነኝ። የእናንተ ወገን ነኝ፤ እኔንም ጎረቤቴንም ተቀበሉን!»

የአይጦቹ ሽማግሌ ጠንካራ ለውዝ ወረወረላት። «እስቲ ቆርጥሚው።»

ነከሰችው፤ እምቢ አላት። አገላብጣ ነከሰችው፤ እምቢ አላት። ድዷ እስኪደማ ነከሰችው፤ እምቢ አላት።

«የአይጥ ጥርስ ግንድ ይበሳል» አለ ሽማግሌው። «ልጄ፣ አንቺ አይጥ አይደለሽም። ቤትሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

ወደ ሌሊት ወፎች ቤት ሮጠች።

«እኔም በጨለማ እወጣለሁ፣ እኔም ከዛፍ ዛፍ እበራለሁ። የእናንተ ወገን ነኝ!»

«እስቲ ብረሪ» አሏት።

ዘለለች። እውነትም ዝላይዋ ያምራል። ግን ቅርንጫፉን ስታው እሾህ ውስጥ ገባች። የሌሊት ወፎቹ ከእሾሁ አወጧትና «ቤትሽን ሌላ ቦታ ፈልጊ» አሏት።

ሲነጋ፣ እያነከሰች፣ ወደ ትልልቆቹ ሌሙሮች ቤት ደረሰች። እዚያ ጭራዋ ነጭና ጥቁር ቀለበት ያለው እትዬ ቀለቤ የተባለች ሌሙር፣ ልጇን ታቅፋ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ ሌሙር ነኝ መሰለኝ» አለች ሽርጉዴ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

እትዬ ቀለቤ ሳቀች። «አንቺ? እኛ ቀን እንወጣለን፣ አንቺ በጨለማ። እኛ ትልልቅ ነን፣ አንቺ ይቺን ታክያለሽ። አይጥ ነሽ።»

«አይጦቹ አይደለሽም አሉኝ።»

«እንግዲያማ ምንም አይደለሽም።»

ይሄ ቃል ሽርጉዴን ከእሾሁ ይልቅ ወጋት። እግሯ ሩጪ ሩጪ አላት። ግን ታነክሳለች፣ ደክማለች፤ መሮጥ አልቻለችም። እዚያው ቁጭ አለች። ስትቀመጥ ደግሞ አየች።

ምን አየች? እትዬ ቀለቤ ልጇን ስታበጥር አየች። የታች ጥርሶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ተጠጋግተው ወደ ፊት ተኝተዋል፣ ልክ እንደ ሚዶ። በእነሱ የልጇን ጸጉር ታበጥራለች። ጆሮዋን ሲበላት ደግሞ እግሯን አነሳች። የጣቶቿ ጥፍሮች እንደ ሰው ጥፍር ጠፍጣፋ ናቸው፤ ከአውራ ጣቷ ቀጥላ ያለችው ጣት ግን ሹል ጥፍር አላት። በዚያች አከከች።

ሽርጉዴ ምላሷን ወደ ጥርሷ ሰደደች። ሚዶ! እግሯን ቀና አድርጋ አየች። ያቺው ሹል ጥፍር!

እያነከሰች ወደ አያ ድልቡ ጎሬ ተመለሰች። ቀዝቃዛ እግሩን ሳብ አደረገች። ያቺው ጥፍር፣ ያቺው ጣት። ከንፈሩን ገለጥ አደረገች። ያው ሚዶ!

«አያ ድልቡ!» አለችው በጆሮው። «ዘመዴ ነህ እኮ!»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እንስሳቱ አያ ድልቡን ከጎሬው አውርደው ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ንጉሡ ከባድ ነውና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እመት ፎሳ ከጎኑ ቆማ ምራቋን ትውጣለች።

«የዚህ ሟች ዘመድ ነኝ የሚል አለ?» አለ ንጉሡ።

«ሟች አይደለም፣ ንጉሥ ሆይ! ዘመዱም እኔ ነኝ!»

«ይቺ አይጥ ናት» አለች ፎሳ። ሁሉም ሳቁ።

«እግሬን ይዩልኝ፣ ንጉሥ ሆይ። ቀጥለው የአያ ድልቡን ይዩ። ቀጥለው የራስዎን ይዩ።»

ንጉሡ ግር አለው። እግሯን አየ፣ የተኛውን እግር አየ፣ የራሱን ትልቅ እግር አነሳና አየ። ሳቁ ቆመ። ጥርሷን አየ፣ የተኛውን ጥርስ አየ፣ የራሱን ጥርስ በምላሱ ዳሰሰ።

«ጉድ ነው» አለ። «የሌሙር ዘር ናችሁ። የእኔ ዘር ናችሁ።»

«ይሁና!» ብላ ጮኸች ፎሳ። «ዘር አለው እንበል። ሕይወት ግን የለውም። ሬሳ ደግሞ ጎሬ አይይዝም!»

ንጉሡ ወደ ሽርጉዴ ዞረ። «ልጄ፣ ልቡን አድምጪ። ከመታ ንገሪን።»

ሽርጉዴ ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ድም ድም ድም ድም የሚል ሰማች። «ይመታል!» ልትል ስትል ገባት። የሚመታው የራሷ ልብ ነው። የእሷ ልብ ሲጋልብ የእሱን ሸፈነባት።

አሁን ምን ይደረግ? እግሯ ይቅበጠበጣል። ጭራዋ ይቅበጠበጣል። የፎሳ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ይሞቃታል። ቅጠል ኮሽ አለ፤ አልዘለለችም። ጉጉት ከሩቅ ጮኸች፤ አልዘለለችም። ፎሳ ሆን ብላ ቅርንጫፍ ሰበረች፤ ሽርጉዴ ዓይኗን ጨፈነች እንጂ አልዘለለችም። ትንፋሿ ረገበ። ልቧ ረገበ።

ዝም። ዝም። ዝም።

ከዚያ፣ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ድምፅ፦ ድም።

«መታ!» አለች በሹክሹክታ።

«ውሸቷን ነው! ቅጠል ነው የሰማችው!» አለች ፎሳ።

ንጉሡ እጁን አነሳ። «ሁላችሁም ዝም በሉ። እኔ ራሴ አደምጣለሁ።»

ጎንበስ ብሎ ትልቅ ጆሮውን አስጠጋ። ጫካው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ጠበቁ፣ ጠበቁ። ፎሳ «በቃ እኮ» ማለት ስትጀምር፣ ንጉሡ ቀና አለ። ፊቱ በርቷል።

«አለ» አለ። «እንደ እኛ አይቸኩልም እንጂ አለ። በጋውን የሚያልፈው ነፍሱን ቆጥቦ ነው።»

እልል ተባለ! ይሄን ጊዜ እመት ፎሳ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች።

«ቆይ» አላት ንጉሡ። «ሁሉ ቤቱን ይወቅ ያልሽው አንቺ ነሽ። ያንቺስ ቤት የማን ነው?»

«እኔማ ድመት ነኝ።»

«ከድመት ማን ይመሰክርልሻል?»

አንድም ድመት በዚያ ጫካ አልነበረም። ፎሳ ግራ ቀኝ አየች። ፊቷ ድመት ቢመስልም፣ ጥርሷንና ጥፍሯን አይቶ ዘመዴ ናት የሚል አልተገኘም።  ስንቱን ቀበረች? የቀበረቻቸው ደግሞ አይመሰክሩም።

«ከዛሬ ጀምሮ መካሪዬ አይደለሽም» አለ ንጉሡ። «ቤትሽን ብቻሽን ፈልጊ።»

ብቻዋን ሄደች። ይኸው አሁንም ብቻዋን ትዞራለች። ትንንሾቹ ሌሙሮችም ይሄን ያውቃሉና፣ በአንድ ጎሬ እህትማማች ሆነው ተጠጋግተው ይተኛሉ።

ንጉሡ የሽርጉዴንና የአያ ድልቡን ወገን «የትንንሾቹ ቤት» ብሎ ሰየመው። የሽርጉዴ መሰሎችንም በየዓይነታቸው ለመለየት ጠራቸው። ግን ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቅብጥብጥ! አንዷ ቀላ ያለች፣ አንዷ ግራጫ፣ የቀሩትን ግን መለየት አቃተው። «እስቲ ድምፃችሁን አሰሙ» አላቸው። ጮኹ። የአንዱ ሸለቆ ጩኸት ከሌላው ሸለቆ ጩኸት ይለያል። ንጉሡ ገና ይሄን ሲለይ ሌላው መጣ፤ ሌላውን ሲለይ ሌላው። አሁንም ድረስ ተለይተው አላለቁም ይባላል።

ከወራት በኋላ ሰማዩ ጉም ጉም አለ፤ ዝናብ መጣ። አያ ድልቡ ዓይኑን ገለጠ። ጭራው እንደ ገመድ ቀጥኗል።

«ሽርጉዴ፣» አለ እያዛጋ፣ «ምን አዲስ ነገር አለ?»

ሽርጉዴ ስንት የሚወራ ነገር አላት! ፎሳው፣ ንጉሡ፣ እሾሁ፣ ለውዙ! ሁሉም ባንዴ አፏ ላይ መጣና ተጋጨ። በመጨረሻ እንዲህ ብቻ አለችው፦

«አያ ድልቡ፣ ለካ ዘመድ ነን!»

«እሱንማ ድሮም አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«ልነግርሽ ነበር» አለ አያ ድልቡ። «መቼ ቆመሽ ሰማሽኝ?»

ልጆቼ፣ እንስሳም ሆነ ሰው ማን እንደሆነ በቁመቱ አትለዩት፤ ዝም ስላለም የለም አትበሉት። ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ረጋ ብላችሁ አድምጡት።

ተረቴን እኔ አውርጃለሁ፤ ተሸክማችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።