ባለወፍጮው ለምን መስመር ላይ ቀረ

ብየዳ የሚሠራ አንድ ሰው ነበረ፤ ትርፍ ጊዜውን ኮምፒዩተር ላይ የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥንበታል። እንዳትስቂ ዘርትሁን። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ እደርስበታለሁ።

በዚህ ጨዋታ ሰውየው ኳስ አይመታም። አሰላለፍ ይመርጣል፣ ማን የት እንደሚቆም ያዛል፣ ከዚያ እጁን አጣምሮ የሚሆነውን ያያል። በከተማቸው በነበረች አንዲት ኮምፒዩተር ቤት ስምንት ሰዎች እንዲህ ስምንት ቡድን ይመሩ ነበር። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ይጋጠማሉ። በመጨረሻ ስምንተኛ የወጣው ቡድኑ ይፈርስና ዓመቱን ሙሉ የሰው ጨዋታ ሲያይ ይከርማል። አንድ ልማድም ነበራቸው፤ ለተጫዋቾቻቸው የሰፈራቸውን ሰው ስም ያወጣሉ። ስሙ የወጣለት ሰው ታዲያ ቅዳሜ ይመጣና ራሱን ቆሞ ያያል። ጎል ካገባ ሻይ ይጋብዛል፤ ቀይ ካርድ ካየ ኩርፊያው እስከ ሰኞ አይለቀውም።

በያጁ ለቀኝ መስመር ተከላካዩ የጎረቤቱን የባለወፍጮውን ስም ሰጠው፤ ለግራው ደግሞ የልብስ ሰፊውን። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታ ከሃያ ነጥብ ይሰጣል። ባለወፍጮው ሯጭና ጉልበታም ነው፣ ኳስ ማቀበል ግን አይሆንለትም። ልብስ ሰፊው ቀስ ያለ ነው፤ ኳስ ካገኘ ግን ከመቀበሉ በፊት የት እንደሚሰጥ ያውቃል። በያጁ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባለወፍጮው ዱቄቱን ሳያራግፍ መጥቶ፣ «ስማ እንጂ ጎረቤት፣» አለው። «ሰው ሁሉ መሃል ላይ ኳስ ሲቀባበል እኔ ዳር ላይ እንደ ዘበኛ ተገትሬ ዋልኩ። ምን አድርጌህ ነው?»

ልብስ ሰፊውም ከኋላው ሆኖ፣ «እኔስ ብትል!» አለ።

እንዳጋጣሚ በያጁ ሰሞኑን አንድ ታክቲክ ሲያጠና ነበር። ቡድኑ ኳስ ሲይዝ የመስመር ተከላካዩ መስመሩን ትቶ ወደ ውስጥ ይገባና ከአማካዩ ጎን ይቆማል፤ መሃሉ ሰው ይበዛበታል፣ ኳሱም ከእጅ አይወጣም። ሐሳቡ ልብስ ሰፊውን ብቻ ማስገባት ነበር። ግን ይሉኝታ ያዘው። «አንዱን አስገብቼ አንዱን ብተወው በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ወፍጮ ቤቱ እኮ ከበሬ ፊት ለፊት ነው» ብሎ ሁለቱንም አስገባቸው።

ሁለት ቅዳሜ አማረለት። ሁለቱ ጎረቤቶች መሃል ሜዳ ላይ ሲንጎራደዱ አዩና ሻዩ በሻይ ላይ ተደረበ። በሦስተኛው ቅዳሜ የገጠመው የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ሾፌሩ አላፊ አግዳሚውን በመስታወት ማየት የለመደ ሰው ነውና ባዶውን ጠርዝ ወዲያው አየው። ሁለት ፈጣን ልጆች ግራና ቀኝ መስመሩ ላይ አቆመ። ባለወፍጮው መሃል ላይ ኳስ ይቀበላል፣ ዞር ሳይል ይነጠቃል፣ ኳሱ ማንም ወደሌለበት ዳር ይላካል። ሦስት ጎል ገባበት። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም የሾፌሩን መንገድ ያዙ። በያጁ ተንሸራትቶ ተንሸራትቶ ሰባተኛ ሆነ፤ የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ ያው ከሾፌሩ ጋር ነው። አቻ ከወጣ ይተርፋል፤ ከተሸነፈ ቡድኑ ይፈርሳል።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣ። ጥፋቱ የት እንዳለ ሳያውቀው ቀርቶ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ለመናገር ነው የፈራው። ዓርብ ዕለት ሱቁን ዘጋና መንገዱን ተሻግሮ ወፍጮ ቤት ገባ።

«ነገ መሃል አትገባም፣» አለው። «ልብስ ሰፊው ይገባል። እሱ ሲገባ የግራ አጥቂዬ መስመሩን አይለቅም፣ ሁለቱ የመሃል ተከላካዮች ወደ ግራ ጠጋ ይላሉ። አንተ ሦስተኛ ሆነህ ቀኙን ትይዛለህ። ቀድሞም እንዲህ ነበር ማድረግ የነበረብኝ፤ አንተን ላለማስቀየም ብዬ ነው።»

ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋ። «ማቀበል ላይ ስንት ነኝ?»

«ከሃያ ስድስት።»

«ሩጫስ?»

«አሥራ ሰባት።»

ባለወፍጮው ሞተሩን መልሶ አስነሣው። በያጁም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቅዳሜ ግን መጣ፤ ከሁሉ ኋላ በሩ ጥግ ቆመ። ሾፌሩ እንደለመደው አንዱን ፈጣን ልጅ በባለወፍጮው በኩል ለቀቀው። ልጁ ኳሱን ይዞ መጣ፤ ባለወፍጮው ደረሰበት። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ደረሰበት። በአራተኛው ላይ ከበሩ ጥግ «ወዴት ወዴት!» የሚል ጩኸት ተሰማና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለመሃሉ ልብስ ሰፊው ብቻውን በቃው። ዜሮ ለዜሮ ወጡ። በያጁ አፍሮ ዞር ሲል ባለወፍጮው፣ «ይህን ስንት ቅዳሜ አፍነህ ያዝክብኝ?» አለው። ያን ዕለት ጎል ሳይገባ ሻይ ተጋበዘ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ ዘርትሁን። የወረዳው ጤና ኃላፊ ሆነሽ ከተሾምሽ ገና ሁለት ወርሽ ነው። «ጋሼ፣ በዳር ጤና ጣቢያዎች ያሉት ሁለቱ አዋላጆች ወደ ከተማው ሆስፒታል መዛወር ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ አንዷን አስቀይሜ አንዷን ከማመጣ ሁለቱንም ላምጣቸው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በያጁ አንቺ ነሽ። ሆስፒታሉ መሃል ሜዳው ነው፤ ሰው ያስፈልገዋል፣ አልክድሽም። እዚያ የሚሆነውን ሥራ የምትችለዋን አምጪ። የምትቀረዋን ደግሞ ራስሽ ሄደሽ፣ ለምን እንደምትቀር ፊት ለፊት ንገሪያት፤ ብታኮርፍሽም ኩርፊያዋን ቻይው። የምትመጣዋን ቦታ ማን እንደሚይዝ ሳታውቂ ግን የዝውውሩ ደብዳቤ ላይ እንዳትፈርሚ።

በያጁ በይሉኝታው ሦስት ጎል ገባበት፣ ያም አለፈ። ባንቺ ይሉኝታ ግን ምጥ የያዛት ሴት ሦስት ሰዓት በቃሬዛ ተጉዛ የተዘጋ በር ታገኛለች።