አልዳመጥም ያለው ሊጥ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፤ ያለው ፖም ነው፤ ፖም፣ ፖም፣ አሁንም ፖም።

ከጨንቻ ከፍ ብሎ፣ የቀርከሃ አጥር ባለው ግቢ ውስጥ፣ አመነች የምትባል ሴትና ባሏ ቶማ ይኖሩ ነበር። ቶማ የገብሱን ማሳ ገልብጦ ፖም ተክሎበት፣ ያን ዓመት ለጉድ አፈራለት። ምን ያደርጋል! መንገዱን ናዳ ዘጋው፣ መኪና ቀረ። ፖሙ በየቅርጫቱ፣ በአልጋው ሥር፣ በምድጃው ጥግ ሞልቶ መበስበስ ጀመረ። ቶማም አንድ ጠዋት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ እህል አልቀምስም አለ። ያ ወጡን «ጨው በዛው፣ ጨው አነሰው» ሳይል ውሎ የማያውቅ ሰው መቆጣቱን እንኳ ተወ። አመነችን ከሁሉ በላይ ያስፈራት ይህ ነው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ልሥራልህ?» አለችው።

«በልጅነቴ ሚሲዮኑ ማእድ ቤት ስሠራ የቀመስኳት፣ ፖም በሆዷ ያለባት ስስ ቂጣ ብትኖር…» አለ ለግድግዳው። «ተይው፣ አትችይውም።»

አመነች ዱቄትና ቅቤ ለወሰች። በጠርሙስ ልትዳምጠው ስትል ሊጡ ተቀደደ። ጠገነችው፣ ተቀደደ። አሸችው፣ ባሰበት።

«ሊጥ ሆይ፣ ተዳመጥልኝ። ቶማ አልበላም አለ» ብትለው፣

«ቅቤው በውስጤ እየቀለጠ እንዴት ልዳመጥ? ለእሱ ንገሪው» አላት።

«ቅቤ ሆይ፣ ጠንክርልኝ። ሊጡ አልዳመጥም አለ፣ ቶማ አልበላም አለ።»

«ፍም አጠገብ አስቀምጠሽኝ ጠንክር ትይኛለሽ? ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ» አለ ቅቤው። እውነቱን ነው።

ደጅ ወዳለው እንስራ ሄደች። «ውሃ ሆይ፣ ቀዝቅዝልኝ። ቅቤው አልጠነክርም አለ፣ ሊጡ አልዳመጥም አለ፣ ቶማ አልበላም አለ።»

«ፀሐይ አናቴ ላይ ተቀምጣ? ጉሙ ወርዶ ካልሸፈነኝ አልችልም» አለ ውሃው።

ጉሙ ከማዶ ተራራው ላይ ተጋድሟል። አመነች ከደጅ ቆማ ጮኸች። «ጉም ሆይ፣ ውረድልኝ! ውሃው አልቀዘቅዝም አለ፣ ቅቤው አልጠነክርም አለ፣ ሊጡ አልዳመጥም አለ፣ ቶማ አልበላም አለ!»

«እግር የለኝ፤ ነፋሱ ካልገፋኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለ ጉሙ።

«ነፋስ ሆይ፣ ጉሙን ግፋልኝ። ጉሙ አልወርድም አለ፣ ውሃው አልቀዘቅዝም አለ፣ ቅቤው አልጠነክርም አለ፣ ሊጡ አልዳመጥም አለ፣ ቶማ አልበላም አለ።»

«ጉሙን ይዤ በየት በኩል ልግባ?» አለ ነፋሱ ከአጥር ውጭ። «የምገባበትን ክፍተት ያቺ የፖም ዛፍ አጎንብሳ ዘግታዋለች። እሷ ቀና ትበልልኝ።»

አመነች ወደ ዛፏ ሄደች። «ፖሜ፣ ቀና በይልኝ። ነፋሱ አልገባም አለ፣ ጉሙ አልወርድም አለ፣ ውሃው አልቀዘቅዝም አለ፣ ቅቤው አልጠነክርም አለ፣ ሊጡ አልዳመጥም አለ፣ ቶማ አልበላም አለ።»

«ሸክሜ ወገቤን ቆርጦት እንዴት ቀና ልበል?» አለች ዛፏ።

«እኔ ላውርድልሽ።»

«አይሆንም። የተከለኝ ሰው ፊቱን አዙሮብኛል፤ እሱ መጥቶ ካላወረደልኝ የማንንም እጅ አላስነካም።»

ዛፍም ያኮርፋል እንግዲህ! አመነች ወደ ቤት ገባች። ትንፋሽ ያላችሁ አብራችኋት በሉ፤ የእሷስ አልቋል።

«ቶማ፣ ተነስልኝ። ፖሟ ቀና አልልም አለች፣ ነፋሱ አልገባም አለ፣ ጉሙ አልወርድም አለ፣ ውሃው አልቀዘቅዝም አለ፣ ቅቤው አልጠነክርም አለ፣ ሊጡ አልዳመጥም አለ፣ ቶማ…» አለችና ቀጥ አለች። ዞራ ዞራ የመጣችው እዚያው ከተነሳችበት ነው።

«በባዶ ሆዴ በምን ጉልበት ልነሳ?» አለ ለግድግዳው።

እሱ ሳይበላ አይነሳም፤ ሳይነሳ ደግሞ የሚበላው የለም። አመነች መሬት ላይ፣ ከበሰበሰው ፖም መሃል ቁጭ አለች። ተስፋ ቆረጠች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ስንት ዓመት የታቆረው ወረደ።

«ልጃችንን የቀበርን ዕለት፣ ‹አንቺ ካለቀስሽ እኔ መቆም አልችልም› ብትለኝ እንባዬን ዋጥኩልህ» አለችው። «ያኔ እንድትቆምልኝ ነበር። አሁን ከወደቅህ ለማን ብዬ ልዋጠው?»

አልጋው ተንቋቋ። ቶማ ከግድግዳው ዞረ። አመነች ስታለቅስ አይቶ አያውቅም ነበር። ተነሳ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ፣ ዛፏን በእጁ ዳበሳት፣ «ይቅር በይኝ» አላትና ፖሙን ያወርድላት ጀመር።

ያን ጊዜ ፖሟ ቀና አለች፣ ነፋሱ ገባ፣ ጉሙ ወረደ፣ ውሃው ቀዘቀዘ፣ ቅቤው ጠነከረ፣ ሊጡም እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ ተዳመጠ! አመነች ቶማ ያወረደውን ፖም ከትፋ በሊጡ ሆድ ጠቀለለች፤ ብረት ድስት ውስጥ ከታ፣ ከላይም ከታችም ፍም አደረገችበት።

ቶማ ቆረሰ። አኘከ። አመነች አፉን አፉን ታያለች።

«ጨው ረስተሻል» አላት ተቆጥቶ።

«እሰይ!» አለች፣ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች። «ተቆጣ የኔ ጌታ፣ ተቆጣ!»

እሱም እየተቆጣ ሁለተኛውን ቆረሰ።

መንገዱ እንደተዘጋ ነው። እናንተም ተረቴን መልሱልኝ፤ ፖሙን ግን አትመልሱ፣ እኛው ጋ ሞልቷል።