በመጽሐፉ ውስጥ ያልነበረችው ድልድይ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ቀኑም የሰኔ ማክሰኞ። ከቀትር ጀምሮ ሲጥል የቆየው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበርና፣ ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ጠብታ በአካል ጥናት ክፍሉ መስኮት ሥር ይሰማ ነበር። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የቆሙት የሕክምና ተማሪዎች የራስ ቅልን የሚሸከመውን የመጀመሪያውን የአንገት አንጓ፣ መጻሕፍት አትላስ የሚሉትን ቀለበት መሰል አጥንት፣ እየተቀባበሉ ይመለከታሉ። ስመኝ ለተባለችው ተማሪ የደረሳት ግን ሙሉ ቀለበት አልነበረም። የኋላ ቅስቱ መካከል ላይ ሳይገጥም ቀርቶ፣ ሁለቱ ጫፎች እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ይኼ ሰውዬ አንገቱ ተሠርቶ ሳያልቅ ነው እንዴ የተወለደው?» አለ አጠገቧ የቆመው ተማሪ።

«ተሠርታ ያለቀችስ ያንተ ምላስ ብቻ ናት» አለችው።

ሳቁ ሲበርድ ስመኝ ወደ መምህሩ ዞረች። መምህሩ ፀጉራቸው የነጣ፣ አነጋገራቸው ዝግ ያለ አዛውንት ነበሩ።

«መምህር፣ ይኼ አጥንት የተበላሸ ነው። አውጥተን ልክ የሆነውን ብንተካበትስ? ከልኩ የወጣውን ማጥናት ምን ይጠቅመናል?»

መምህሩ አጥንቱን ከእጇ ተቀብለው በመዳፋቸው ላይ አኖሩት። ለጥያቄዋ በቀጥታ አልመለሱላትም፤ እንዲህ ብለው ጀመሩ እንጂ።

«አንድ ሰው ነበረ። ሥራው አጥንት ማጠብና ለትምህርት ማሰናዳት ነበር። እጁ የተባረከ ስለ ነበር፣ በእርሱ እጅ ያለፈ አጥንት እንደ ዝሆን ጥርስ ይነጻ ነበር። አንድ መጽሐፍም ነበረው። በመጽሐፉ ውስጥ ለእያንዳንዱ አጥንት ሥዕል ነበረ፤ ለአንዱ አጥንት አንድ ሥዕል ብቻ። ሰውየው ያንን ሥዕል ሰው ሕግን እንደሚወድድ ይወድደው ነበር። ያጠበውን አጥንት ሁሉ ከሥዕሉ አጠገብ ያኖረዋል፤ ሁለቱ ሲመሳሰሉለትም ‹ተስተካከለ› ይላል። ‹ጸዳ› አይልም ነበር፤ ቃሉ ‹ተስተካከለ› ነበር።

በዚያው ከተማ አንዲት ሴት ነበረች። እናቷ ከሞተች በኋላ በእጇ ያሳደገችው አንድ ወንድም ነበራት። ይህ ወንድሟ አንገቱን ወደ ግራ ፈጥኖ ሲያዞር ዓይኑ ይጨልምበት ነበርና፣ ሰው ከኋላው ሲጠራው እንደ ሌላው አንገቱን አይመልስም፤ መላ አካሉን ይዞ ይዞራል እንጂ። የሰፈሩ ሰዎች ‹ኧረ ጌታው፣ አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው!› እያሉ ሲያሾፉበት፣ ‹እናንተ የጠራችሁን በዓይን ታከብሩታላችሁ፤ እኔ በሙሉ ቁመቴ ነው› ይላቸው ነበር።

እኅቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ራጅ ተነሣ። ሐኪሙም ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳያት። ‹ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ሥር በዚህ በመጀመሪያው የአንገት አንጓ ላይ ባለች ቦይ ያልፋል። በብዙ ሰው ላይ ቦይዋ ክፍት ናት። በወንድምሽ ላይ ግን፣ በግራ በኩል ብቻ፣ ቀጭን የአጥንት ድልድይ ተጋድማባታለች። ከእናቱ ሆድ የመጣ አፈጣጠሩ ነው፤ አትደንግጪ። አንገቱን ቀስ እያለ ያዙር› አላት። ፊልሙንም ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ከፋ። ወንድምየው አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ከመንገድ ተወሰደና ሳይመለስ ቀረ። ሴቲቱ ከደጅ ደጅ ተንከራተተች፤ ያለበትን የሚነግራት ግን አላገኘች። ዓመት በዓመት ሲተካ ዘመዶቿ ‹ቁርጥሽን ዕወቂ፤ ተዝካሩን አውጪለት› አሏት። እርሷም ‹አፈር ሳላለብሰው የምን ተዝካር?› ትላቸው ነበር። ልጄ፣ የሞተበት ሰው ኀዘኑን የሚያስቀምጥበት መቃብር አለው። የጠፋበት ሰው ግን ኀዘኑን በጀርባው አዝሎ ይዞራል፤ የሚያወርድበት ስፍራ የለውምና። ያቺም ሴት በገበያ መካከል ስትሄድ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ሰው ከፊቷ ያየች እንደ ሆነ፣ ልቧ እየከለከላት አፏ የወንድሟን ስም ይጠራ ነበር። ሰውየው አንገቱን ብቻ መለስ አድርጎ ሲያያት፣ አለመሆኑን በዚያ ታውቃለች። ‹ይቅርታ ወንድሜ፣ የማውቀው ሰው መስለኸኝ ነው› ብላ ታልፋለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ከከተማው ዳር የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ የቆፈሩ ሰዎች የዘጠኝ ሰዎች ዐፅም አገኙ። ልብሱ በስብሷል፤ አጥንቱም ኖራ በበዛበት አፈር ተለብጧል። ዘመድን በደም መርምሮ የሚለይ ጥበብ በዚያ ጊዜ በአገሩ አልነበረም። ሹማምንቱም ዐፅሙን የሚያጸዳ ሰው ፈልገው ያንን አጥንት አጣቢ ጠሩት። ሴቲቱ ወሬውን እንደ ሰማች ዐፅሙ ወደሚታጠብበት ግቢ መጥታ ‹የወንድሜን አንገት የሚያሳይ ራጅ አለኝ› ብትል፣ በር ላይ ያለው ሰው ‹እሜቴ፣ ገና እየታጠበ ነው። ሲያልቅ ትመጫለሽ፤ ያኔ ታሳያለሽ› ብሎ መለሳት። ቃሏ ወደ ውስጥ ሳይገባ በር ላይ ቀረ።

በውስጥ ሰውየው በወስፌና በሞረድ ኖራውን እየፋቀ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከዘጠኙ የአንዱን ሰው የመጀመሪያ የአንገት አንጓ አንሥቶ ከሥዕሉ አጠገብ አኖረው። በግራ በኩል፣ ከቦይዋ በላይ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ድልድይ አየ። በሥዕሉ ላይ የለችም። በወስፌው ጫፍ ነካ አደረጋት፤ አልተፈረፈረችም።

አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ‹እርሷን እንኳ ተዋት። ኖራ እንዲህ አይጠነክርም፤ የራሱ የሰውየው ሳትሆን አትቀርም› አለው።

‹መጽሐፉ ላይ የለችማ!›

‹ሰውየው መጽሐፉን አንብቦ ነው እንዴ የተፈጠረው?›

አጣቢው ሳቀ። ሳቀና ሞረዱን አነሣ። ድልድይቱ ስትሰበር ያሰማችው ድምፅ ከሽንብራ ቆሎ ድምፅ አይበልጥም ነበር። የቀሩትን ጫፎች አለሰለሳቸው፤ ዱቄቱንም ውኃ አፍስሶ አስወገደው። ከዚያም አጥንቱን ከሥዕሉ ጋር አስተያይቶ ‹ተስተካከለ› አለ።

ሥራው ሲያልቅ ሴቲቱ ተጠራች። ፊልሙን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ዘጠኙ የአንገት አንጓዎች በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ነበር። አጣቢው ፊልሙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሣው፤ ከዚያም እጁ ዝቅ አለ።

‹እኅቴ፣ ነበረች› አላት። ‹ይህችን ድልድይ በእጄ ይዣታለሁ። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።›

ሴቲቱ አልጮኸችም። ‹የትኛው ላይ ነበረች?› አለችው።

ዘጠኙን አንድ በአንድ አገላበጠ። ሞረዱ ሁሉንም ነክቷቸው ነበር፤ ኖራ ያልያዘው አልነበረምና። እጁ እጅግ ጎበዝ ስለ ነበር ካለሰለሰው ስፍራ ላይ ጠባሳ እንኳ አልተረፈም። ድልድይቱን ያስታውሳል፤ የተሸከማትን አጥንት ግን አያስታውስም፤ ከሥዕሉ ጋር ከተመሳሰለ በኋላ አላየውምና። ‹አላውቀውም› አለ።

ከሹማምንቱ አንዱ አዘነላትና ቀረብ ብሎ ‹እናት፣ አንዱን መርጠሽ ውሰጂ። ማን ያውቅብሻል?› አላት።

‹ወንድሜ ያውቃል› አለችው። ‹ደግሞስ የሌላዋን ወንድም ከነጠቅኋት፣ እርሷ የማንን ልትቀብር ነው?›

እርሷም ዘጠኙን በየተራ በመዳፏ ያዘች። እያንዳንዱን የያዘችው ቀሪዎቹን ስምንት የረሳች እስኪመስል ድረስ ነበር። በአንደኛው ላይ እጇ ሞቀ፤ በሌላውም ላይ ሞቀ፤ በሁሉም ላይ ሞቀ። ናፍቆት ዓይን የለውም፤ መምረጥ አልቻለላትም።

በቀብሩ ዕለት ዘጠኝ ሳጥኖች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተደረደሩ። ቄሱ ለፍታት ሲዘጋጁ ወደ ሴቲቱ ቀርበው የወንድሟን የክርስትና ስም ጠየቋት። ነገረቻቸው።

‹በየትኛው ሳጥን ላይ ልጥራው፣ ልጄ?› አሏት።

ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች። ሃያ ሁለት ዓመት የፈለገችው ሰው ከእግሯ ሥር፣ እጇን ብትዘረጋ ከምትነካው ስፍራ ነበር።

‹እኔ እንጃ፣ አባ› አለች።»

ታሪኩ እዚህ ላይ አበቃ። ሲያሾፍ የነበረው ተማሪም አንገቱን ደፍቶ ነበር። አዛውንቱ አጥንቱን መልሰው በስመኝ እጅ አኖሩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ አጣቢ እኛ ነን። የመጽሐፉ ሥዕል ሐሰት አይደለም፤ ብዙዎችን ይመስላል፤ መማሩም ግድ ነው። ነገር ግን ብዙዎችን የሚመስል ነገር ማንንም በስሙ አይጠራም። አንቺ ከልኩ ወጣ ያልሽው፣ አንድን ሰው የሚወድደው ዘመዱ ከሌላው የሚለይበት ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገ ሐኪም ሆነሽ በሽተኛ ፊትሽ ሲቀመጥ፣ ከሥዕሉ የተለየብሽን ነገር ለማረም አትቸኩዪ፤ ‹ይህ ያንተ ነውን?› ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ። የያዝሽውንም እንዳለ በደብተርሽ ሣዪው፤ ያልገጠመውን አታገጣጥሚው። ሞረድ የወሰደውን የሚመልስ እጅ የለም። ያቺ ሴት ወንድሟን አገኘች፤ ከዘጠኙ የትኛው እንደ ሆነ ግን ጠፋ።»