ሕፃኑና የጭዱ ጥጃ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» የምትሉኝ ሁሉ፣ ዛሬ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ። በረቱ ውስጥ የሞተ ነገር ቆሟል።

ጥሩአየሁ የምትባል አራስ ነበረች። ልጇ ጡት በጎረሰ ቁጥር ፊቱ ያብጣል፣ ገላው ሽፍታ ይወጣበታል፣ ዓይነ ምድሩ ደም ይቀላቅላል። እናት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ልጇ ሳይታመም ጠብቶ እንዲጠግብ። እሱ ግን እየከሳ ሄደ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጡት እምቢ አለ።

«ልጄ፣ ጥባ እንጂ» ብትለው፣ ያ ጥርስ የሌለው አፍ ተከፈተና «ወተቱ ካልጠራ አልጠባም» አላት። ደነገጠች። ማን አይደነግጥም?

«ጡቴ፣ ወተትህን አጥራ፤ ልጄ እንዲጠባ።»

«የላም ነገር አይስማማውም። ገንፎው ቅቤውን ካልተወ አላጠራም» አለ ጡቷ።

«ገንፎዬ፣ ቅቤውን ተው፤ ጡቴ እንዲያጠራ፣ ልጄ እንዲጠባ።»

ከመሀሉ ካቆረው ቅቤ ሥር ድምፅ መጣ። «አማትሽ ካልተዉ አልተውም።»

አማቷ እማማ ይርገዱ ክፉ ሴት አይደሉም። ልጁ ሲብስበት «ጡቷ ደክሞ ነው» ብለው ቅቤ ይጨምራሉ፤ ቅቤ ሲጨምሩ ልጁ ይብስበታል። ደግነትም እኮ አንዳንዴ ይገድላል።

«እማማ፣ ቅቤውን ይተዉት፤ ገንፎው እንዲተው፣ ጡቴ እንዲያጠራ፣ ልጄ እንዲጠባ።»

«በይ ዝም በይ! ላም እየታለበች አራስ በደረቁ ላበላ? አገር ምን ይለኛል? ላሟ ካልነጠፈች አልተውም።»

ጥሩአየሁ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ በረቱ ተጣራች። «ዳልቻ፣ ንጠፊ፤ እማማ እንዲተዉ፣ ገንፎው እንዲተው፣ ጡቴ እንዲያጠራ፣ ልጄ እንዲጠባ።»

ዳልቻ ጥጃዋ ሞቶባት ነበር። የጥሩአየሁ ባል ቆዳውን ጭድ ሞልቶ አቆመላት፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። አሁንም መላሷን ሳታቆም «ጥጃዬ ካልተኛ አልነጥፍም» አለች።

አራስ በቀትር ከቤት አትወጣም፤ ጋኔን ይለክፋታል ይባላል። ጥሩአየሁ ቢላዋ ብብቷ ሥር ሸጉጣ በቀትር ወጣች። ጥላዋ አልተከተላትም።

«ጥጃ ሆይ፣ ተኛ፤ ዳልቻ እንድትነጥፍ፣ እማማ እንዲተዉ፣ ገንፎው እንዲተው፣ ጡቴ እንዲያጠራ፣ ልጄ እንዲጠባ።»

ዓይን የሌለው ፊት ወደ እሷ ዞረ።

«በምን እግሬ ልተኛ? በእንጨት ነው ያቆሙኝ። እናቴ ስትልሰኝ አይሰማኝም። ቅበሪኝ።»

አቀፈችው። ጭድ ነው፣ ግን እንደ ልጇ ይሞቃል። እያለቀሰች ከበረቱ ጀርባ ቆፍራ ቀበረችው። ዳልቻ መጥታ አፈሩን አሸተተች፣ አንዴ ጮኸች።

ጥጃው ሲተኛ ላሟ ነጠፈች፤ ላሟ ስትነጥፍ እማማ ተዉ፤ እማማ ሲተዉ ገንፎው በተልባ ቀረበ፤ ቅቤው ሲቀር፣ ቀናት ቆይቶ፣ ጡቱ አጠራ፤ ጡቱ ሲያጠራ ልጁ ጎረሰ። ጠባ፣ ጠባ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ጠባ። አላበጠም።

እማማ ይርገዱ ጎንበስ ብለው ጉንጩን ዳበሱት።

«ታዲያ ይኼን ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ነግሬዎት ነበር፣ እማማ።»

እማማ ማማሰያውን ከእጃቸው አስቀመጡና ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌንም ቅቤ ባልነካው ዳቦ አብሱ።