የጸሐፊው ልጅ ሳቅ

አንድ አባት ነበረ፤ ይጽፍ ነበር። ልጄ ይርዳው፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም። «የኔታ፣ አባቴ ካለፈ በኋላ ግጥሞቹን አሳትሜ ስሙን ባስጠራ፣ በሰማይ ይሰማው ይሆን?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ፤ መልሱን ከዚህ ሰውዬ ልጅ ታገኘዋለህ።

ሰውየው ሚስቱ ቀድማው ሞታ ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያ ብሎ የሚያማት ቢኖር ነውር ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ ታቀርብለታለች፣ እግሩን ታጥበዋለች፣ ሲበርደው ጋቢ ትደርብለታለች። አንድ ነገር ብቻ አይሆንላትም ነበር። አመሻሽ ላይ ወረቀቱን ይዞ፣ «ልጄ፣ አንዲት ገጽ ላንብብልሽ? ታስቅሽ ይሆን ብዬ ነው» ሲላት፣ «እሺ አባዬ፣ ነገ» ትለዋለች። ሥራ አለባት፣ ድካም አለባት። እሱም «ይሁን» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሲባባሉ ኖረው አባት ታሞ ሞተ።

አንድ ወዳጁ ጽሑፉን ሰብስቦ መጽሐፍ አደረገው። ሊቃውንቱ አነበቡት፣ ወደዱት፤ የዓመቱ ምርጥ መጽሐፍ ነው ብለው ሽልማት ቆረጡለት። ለልጅቱ ሲነገራት አለቀሰች፤ ደስም አላት፤ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠራች። መጽሐፉን ግን አልገለጠችውም። ሽፋኑ ላይ ስሙን ባየች ቁጥር መልሳ ታስቀምጠው ነበር። ማን ይጠረጥራታል? ሰው ሁሉ በቃሏ የምታውቀው ይመስለው ነበር።

በሽልማቱ ቀን፣ ሙት ዓመቱ ገና ስላልደረሰ፣ በጥቁር ልብሷ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ መድረኩ ወጣች። አዳራሹ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ሽልማቱን ከመስጠቱ በፊት መጽሐፉን ገልጦ ሰጣትና፣ «እስቲ የአባትሽን ቃል አንቺው አሰሚን» አላት። ሰው አንገቱን ደፋ፤ የሟች ቃል ነዋ። እሷም ምን እንደሚል ሳታውቅ በለቅሶ ድምፅ፣ ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች።

ገጹ የሚያወራው ሠርግና ለቅሶ በአንድ ቀን ስለገጠመው ሰው ነበር። ሰውየው ድንኳን ይሳሳትና ደረቱን እየደቃ ሠርጉ ውስጥ ይገባል። ሙሽሮቹ ፊት ቆሞም፣ «ምነው በልጅነታችሁ» እያለ ያለቅሳል።

እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት። ከንፈሯን ብትነክስ፣ አፏን በነጠላዋ ብትሸፍን፣ አልቆም አላት። በሐዘን ልብስ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ እንደ ሕፃን ተንከተከተች። አክስቷ ከፊት ወንበር ሆና «ኧረ ነውር ነው» አለች። ልጅቱ ግን አልሰማቻትም። እየሳቀች ወደ ጎኗ ዞር አለች፤ «አባዬ፣ ይህን መቼ ጻፍከው?» ልትለው ነበር።

ከጎኗ የቆመው ሽልማቱን የያዘው ሰብሳቢ ነው። ያን ጊዜ ሳቋ ቀጥ አለ። በቀብሩ ቀን ያልወጣላት ለቅሶ እዚያ መድረክ ላይ ወጣላት። ሰብሳቢው ደንግጦ ሽልማቱን ቢዘረጋላት አልተቀበለችውም። «ይቆየኝ፣ ጌታዬ» አለችው፤ «መጀመሪያ ነገ ነገ ያልኩትን ላንብብለት።» ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አነበበችው። አንገቱን ደፍቶ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

እንግዲህ ይርዳው፣ ያ ሽልማት በሰማይ ላለው አባቷ ይድረሰው አይድረሰው እኔ አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚልህ ካለም ይዋሽሃል። በሕይወቱ ሳለ የለመናት ግን ሳቋን ነበር፤ እሱን ሳይሰማ ሞቷል። አንተም እንደ እሷ ነህ። አባትህን ታበላዋለህ፣ ታለብሰዋለህ፣ ማንም አያማህም፤ ግጥሙን ግን ለሙት ዓመቱ አስቀምጠህለታል። አባትህ አሁን ደጃችሁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው፤ ስመጣ አይቼዋለሁ። እኔን ስለ ሰማይ ከምትጠይቀኝ ሂድና «እስቲ አንብብልኝ» በለው። ግጥሙ ካልጣመህ አልጣመኝም በለው፤ ይቆጣሃል። ቁጣውንም ቢሆን ዛሬ ስማው።