ከቁልፉ በኋላ የሚመጣው ገጽ

አንድ በሙያው የተመሰገነ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ ይድነቃቸው ይባላል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ረዳቶች በሰው ፈንታ ድረ ገጽ ከፍተው፣ ቅጽ ሞልተው፣ ቁልፍ እንዲጫኑ የሚያስችል መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ጥሩ ነበር። የአጠቃቀም መመሪያውን ግን የጻፈው ምሳ እንደሚያመልጠው ሰው እየተጣደፈ ነው። ስለ ቁልፍ መጫን የጻፈው ይህን ብቻ ነበር፦ «ቁልፉን ይጫናል። ሲያበቃ ‹ተሳክቷል› ይላል።»

ማኅደር የምትባል የሥራ ባልደረባው ይህን አንብባ፣ «ምኑ ነው የተሳካው?» ብትለው ሳቀባት።

«አንቺ ደግሞ! ስክሪኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል» አላት።

በዚያው ከተማ አቶ መኩሪያ የሚባሉ ዓይነ ስውር አባት ነበሩ። ትንሿ ልጃቸው ትርሲት የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፤ ተራ የሚያዘው ደግሞ በድረ ገጽ ብቻ ነው። አቶ መኩሪያ ስልካቸው ላይ ያለውን ረዳት፣ «በል እስቲ፣ ልጄን አስመዝግብልኝ» አሉት። ረዳቱ በይድነቃቸው መሣሪያ ገጹን ከፈተ፣ ቅጹን ሞላ፣ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። መሣሪያው «ተሳክቷል» አለው። እሱም «ትርሲት ተመዝግባለች» አላቸው። አባት በደስታ ስልኩን ሳሙት።

ቀኑ ደርሶ ሆስፒታል ሲሄዱ የትርሲት ስም የለም። ተራው ሞልቷል። ልጅቱ «አባዬ፣ እንመለስ?» ስትላቸው እጇን ይዘው ወጡ።

ጠይቀው አጠያይቀው ይድነቃቸው ቢሮ ድረስ መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ የዋሸኝ ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ» አሉት።

ይድነቃቸው ስልካቸውን ተቀብሎ ረዳቱን ጠየቀው። «ሳትመዘገብ ለምን ተመዝግባለች አልክ?»

«ቁልፉን ተጫንኩ። መሣሪያው ተሳክቷል አለኝ።»

«ከዚያ በኋላ ‹እርግጠኛ ነዎት?› የሚል ሌላ ገጽ ይመጣል እኮ! አላየኸውም?»

«መልሰህ እይ የሚል ቃል መመሪያው ውስጥ የለም።»

ይድነቃቸው አቀረቀረ። «አባቴ፣ የዋሸዎት የለም። መጻፍ የነበረብኝን ያልጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ከልቡ አዘነ። ሐዘኑ ግን ለትርሲት ተራ አላመጣላትም።

በማግስቱ ማኅደርን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጦ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጠ። እሱ መመሪያውን እያነበበ ያዛል፤ እሷ መሣሪያው የሚመልሰውን ብቻ ትመልሳለች።

«ተጫኚ» አላት።

«ተሳክቷል።»

«ታዲያ አሁን ምን ላይ ደረስን?»

«እሱን መመሪያህን ጠይቀው» አለችው።

ዞር ብሎ ሊያይ ቃጣውና ተወው። ከዚያ ቁጭ ብሎ እንደገና ጻፈ፦ «‹ተሳክቷል› ማለት ቁልፉ ተነካ ማለት ብቻ ነው፤ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከተጫንክ በኋላ ገጹን እንደገና አንብብ። የሚጠይቅህ ነገር ካለ ለባለ ጉዳዩ ንገር። ማረጋገጫ ሳታይ አልቋል አትበል።»

ሐኪሞቹ በዓመቱ ተመለሱ። ትርሲት ያን ዓመት እኩዮቿ ሲሮጡ ተቀምጣ እያየች ነው ያሳለፈችው። አባቷ ያንኑ ረዳት እየፈሩ አዘዙት።

«ቁልፉን ተጭኛለሁ፤ ልጅዎ ግን ገና አልተመዘገበችም» አላቸው። «ገጹ ማረጋገጫ እየጠየቀ ነው። ልቀጥል?»

አቶ መኩሪያ እንባቸው መጣ። «ገና አልተመዘገበችም» የሚል ቃል እንዲህ ደስ ይለኛል ብለው አስበው አያውቁም። «ቀጥል ልጄ፣ ቀጥል» አሉት።

ወዳጆቼ፣ አጠገባችን ላለ ሰው ስንጽፍ የዘለልነውን እሱ በዓይኑ አይቶ ይሞላልናል። ከቃላችን በቀር ምንም ለሌለው ስንጽፍ ግን የዘለልነው ነገር ሰው ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም የጻፍነውን አንብቦ በማያውቅ ሰው ላይ። ግልጽ አድርጎ መጻፍ ከማናውቀው ሰው ላይ ጉዳት መከላከል ነው። እስቲ ለሌላ ያስረከባችሁትን ሥራ አስቡት፦ እናንተ ስለምታውቁት ብቻ ሳትጽፉት የቀረ ምን አለ? ያ ሥራ እንዲያልቅለት የሚጠብቀውስ ማን ነው?