ሠርግ ላይ የወደቀው ለቅሶ

ፍሬሕይወት አንድን ፕሪንተር ከኮምፒውተር ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ትጽፍ ነበር። ገመዱ በተነቀለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ድርቅ ይልባታል። ቢቸግራት መምህሯን ጋሽ ይርዳውን ጠየቀቻቸው። ፕሪንተሩ ከተነቀለ የያዘችለትን የሚሞሪ ቦታ ወዲያው መልቀቋ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሏት።

አንድ የዕድር ዕቃ ጠባቂ ነበረ። ዕድሩ ያለው ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ ሰማያዊ መስመር ያለበት፣ ከሩቅ የሚለይ። ለለቅሶም ለሠርግም ያውሉታል። ሰውየው ቀልጣፋ ስለሆነ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ሲያይ ያመዋል። ሠልስት በወጣ በሰዓቱ ድንኳኑን ነቅሎ ለሚቀጥለው ያደርሳል።

አንድ ጊዜ አንድ ሸማኔ ሞተ። በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ሚስትየዋን ጨረሳችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጨርሰናል አለችው። ነቀለና ሁለት መንደር አልፎ ልጁን ለሚድር ዳቦ ጋጋሪ ተከለለት።

የሟቹ ወንድም ግን ገና መንገድ ላይ ነበር። «ሰማያዊ መስመር ያለበትን ድንኳን ብላችሁ ኑ» የሚል መልእክት ደርሶት፣ አሥራ አራት ዘመድ አስከትሎ በማግስቱ ከአውቶቡስ ወረደ። ድንኳኑን ፈለጉ፤ አገኙት። ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

ዘፋኙ ዝም አለ። ወንድምየው ሙሽራዋ እግር ላይ ተደፍቶ፣ «ወንድሜን የት አደረሳችሁት?» አላት። የሙሽራዋ አክስት ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ አብራ አለቀሰች። ዳቦ ጋጋሪው ልጆቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ሙሽራው በዚህ መሀል ጫማው ጠቦት ሊቀይር ወጥቶ ነበርና፣ እናቱ ስታጣው የሞተው እሱ ነው ብላ ተንሰቀሰቀች። አንድ ጫማ በእጁ ይዞ ሲመለስ ደግሞ ራሷን ሳተች። ወንድምየው ስህተቱ የገባው ቀና ብሎ ባለ ሦስት ደርቡን ኬክ ሲያይ ነው።

ዕድርተኛው ጠባቂውን ወቀሰው። እሱም አፍሮ፣ ከእንግዲህ ድንኳን አልነቅልም አለ። ድንኳኑ ዳቦ ጋጋሪው ግቢ አንድ ወር ቆመ፤ ዶሮዎች እንቁላል ጣሉበት። ሌላ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ዕድሩ ሊያሰናብተው ተሰበሰበ።

የሸማኔው ሚስት ተነሥታ ተናገረች።

«ጨረሳችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እውነቴን ጨርሰናል አልኩ። ድንኳኑን ብሎ የሚመጣ ሰው ቀርቷል ወይ ብለው ግን አልጠየቁኝም።»

ሰውየው አንድ ዕድል እንዲሰጡት ለመነ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑን ምልክት አድርጎ ሰው የሚጠራ ሁሉ የተጠሪውን ስም እሱ ዘንድ ያስመዘግባል። እንግዳው መጥቶ አልቅሶ ሲሄድ ስሙን ይሰርዛል። ሠልስት ሲወጣ መጀመሪያ አዲስ ጥሪ ይከለክላል። አንድ ስም እንኳ ከቀረ ባለቤቶቹ ቢለምኑትም ካስማውን አይነካም። የመጨረሻው ስም ሲሰረዝ ደግሞ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይነቅላል።

ጋሽ ይርዳው ወደ ፍሬሕይወት ዞሩ።

«የፕሪንተሩ መነቀል የሠልስቱ መውጣት ነው፤ የእንግዳው ማለቅ አይደለም። የዚያን ሚሞሪ አድራሻ ይዞ ገና መንገድ ላይ ያለ የኮድሽ ክፍል አለ። አንቺ ቦታውን ለሌላ ሰጥተሻል፤ እሱ ግን በአሮጌው አድራሻ መጥቶ ይጽፍበታል። ስለዚህ አድራሻውን የያዘውን ሁሉ ቁጠሪ። ፕሪንተሩ ሲነቀል አድራሻውን ለአዲስ ጠያቂ መስጠት አቁሚ፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ልቀቂ። ከዚያ በፊት ከለቀቅሽ ይህ ይደርስብሻል፤ ፈርተሽ ጭራሽ ካልለቀቅሽ ደግሞ ሌላው ዝናብ ላይ ይቀመጣል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ለምን ስህተቱን አይነግረኝም? ዝም ብሎ ነው የሚደርቀው» አለች።

«ሠርጉ ላይ ለቅሶ ወድቆበት» አሏት፣ «ምን ብሎ ይንገርሽ?»